ትከሻው የጎጃም፣ ወገቡ የማዶ፦ የልምምድ ማስታወሻ

ኅዳር መግቢያ

ሥራው ይኼ ነው። ጥር ላይ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሠርግ አለ። ሙሽራዋ ልጅ ሆና እኔ ጋ እስክስታ ተምራለች። ከዚያ ቤሩት ሄደች፣ ብዙ ዓመት ሠርታ ተመለሰች። እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ፣ ግብዣ በመጣ ቁጥር ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ ዳሌያቸው ላይ ሻርፕ ሸብ አድርገው ሲጨፍሩ እያየች፣ ማታ ማታ ደግሞ ማድ ቤት በሯን ዘግታ እየሞከረች ቤሊ ዳንስ ለምዳለች። አሳይታኛለች፤ የምር ትችላለች። አሁን ለመልሷ ቀን ሁለቱም ያለበት ነገር ፈልጋለች። "እትዬ፣ ሰው እንዲስቅብኝ ሳይሆን እንዲያይልኝ አድርገው ይሥሩልኝ" አለችኝ።

እሺ አልኩ። ተወዛዋዦቹ አራት ናቸው፦ ሙሽራዋ፣ ሁለት ልጃገረዶችና አንድ ጎረምሳ። ማሲንቆ የሚመቱልን አዛውንት አዝማሪ አሉ፤ አያ ነው የምላቸው። የምንለማመደው አንድ ጂም ፎቅ ላይ፣ ማታ ስፖርተኛው ሲወጣ ነው። መስታወት ስላለው መረጥኩት። ብርዱን አትጠይቁኝ።

የማልፈልገውን ከወዲሁ ልጻፍ። የሠርግ ቪዲዮ ላይ አይታችሁታል። ዲጄው ትንሽ የዓረብ ዘፈን ይለቃል፣ ልጆቹ ዳሌ ያንቀጠቅጣሉ፤ ከዚያ የጎጃም ምት ይገባና እስክስታ ይወርዳል። ሰው ያጨበጭባል፣ ደስ ይለዋል። እኔም አልቃወምም። ግን ይኼ ሁለት ውዝዋዜ ተራ በተራ ማየት ነው። ምንም የተዋሃደ ነገር የለውም።

ያው ሳምንት

ከልጃገረዶቹ የአንዷ ወንድም ሰምቶ መጣ። "ባህል ይከለሳል፣ የነሱንም የኛንም ታበላሻላችሁ" አለ። የኛን በኋላ እንነጋገርበታለን። የነሱን በተመለከተ ግን ዛሬ ቤሊ ዳንስ ብለን በስክሪን የምናየው ራሱ ተቀላቅሎ የመጣ ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ዳንሰኛዋ ባዲዓ መሳብኒ ካይሮ ላይ የምሽት መዝናኛ ቤቷን ስትከፍት ውዝዋዜውን ከሳሎንና ከሠርግ ቤት አውጥታ ለትልቅ መድረክ ነው ያሰናዳችው። የአውሮፓ ባሌትና የላቲን ዳንስ እንቅስቃሴ እዚያ ገባበት። ስመ ጥሮቹ ዳንሰኞች ታሂያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማል ከዚያ መድረክ የወጡ ናቸው። በ1959 ደግሞ ማሕሙድ ሬዳ ቡድኑን አቋቁሞ የግብጽን የገጠር ጭፈራ ከባሌትና ከጃዝ ጋር አዋድዶ አቀረበ። አሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ካሮሊና ኔሪቺዮ በ1987 የጀመረችው የቡድን አጨፋፈር ፍላሜንኮና የህንድ ዳንስ ሁሉ አለበት። ስለዚህ ይቀላቀላል ወይ የሚለው ጥያቄ መልሱ ካለቀ ቆይቷል። የቀረው በምን በኩል እንደሚገጥም ማወቅ ነው። በኛም ቤት ሙላቱ አስታጥቄ አሉ፤ የኛን ቅኝት ወደ ጃዝ ሲወስዱት ቅኝቱን አልጣሉትም፣ ዙሪያውን ነው የቀየሩለት።

የትኛው ቤሊ ዳንስ የሚለውን ዛሬ ወሰንን። ባለ መድረኩ፣ ሸርቂ የሚሉት፣ ወደ ላይ ይሳባል፤ በእግር ጣት ይሄዳል፣ ወለሉን ያካልላል። የሰፈሩ፣ በለዲ የሚባለው፣ መሬት የያዘ ነው። ሙሉ እግር ይረግጣል፣ ክብደቱን ወደ ታች ይለቃል፣ ብዙ አይንቀሳቀስም። እስክስታም እንደዚያው ነው። በለዲ ይሁን ብለን ተስማማን። ሙሽራዋ ቤሩት ሳሎን ያየችውም ለዚህ ነው የሚቀርበው።

ኅዳር አጋማሽ፣ ጾም ገባ

አያ በጾም ከበሮ አይመታም አሉ። ማሲንቆውን ይዘው ይመጣሉ፣ "ለሥራ ነው" ብለው፤ እኛ እናጨበጭባለን። ይኼ ጥሩ ሆነልን። ከበሮ ስህተት ይሸፍናል፣ ጭብጨባ ግን አይሸፍንም።

የመጀመሪያው ችግር ቁመና ነው። ቤሊ ዳንስ ላይ ከወገብ በላይ ቀጥ ይላል፤ ደረት ከፍ፣ ትከሻ ዝም። እስክስታ ላይ ጎንበስ ይባላል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ደረት ወደፊት ይወረወራል። ልጆቹ ሁለቱን ባንዴ ሞከሩት። ጎንበስ እንዳሉ ትከሻ ይሰብቃሉ፣ ከሥር ዳሌ ይመታሉ። መስታወቱ ውስጥ የሚታየው ግርግር ብቻ ነው። አንዷ ልጅ ወገቧን ያዛትና ያን ምሽት ተቀምጣ አየች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤሊ ዳንስ ላይ ዳሌ ከፍና ዝቅ የሚለው በጉልበት ነው። ቀኝ ጉልበት ቀና ሲል ቀኝ ዳሌ ይወጣል፣ ሲታጠፍ ይወርዳል። እስክስታ ወርዶ ዝቅ ያለ ሰው ጉልበቱ ክብደት ተሸክሟል፤ ሌላ ሥራ ለመሥራት ነፃ አይደለም። ያኔ ዳሌውን የሚጎትተው የታችኛው ወገብ ይሆናል፣ ሕመሙም ከዚያ ይመጣል።

ስለዚህ ሥራውን በቁመት ከፈልነው። ከፍ ሲሉ ዳሌ ይናገራል፣ ትከሻ ዝም ይላል። ዝቅ ሲሉ ትከሻ ይናገራል፣ ዳሌ ዝም ይላል። መሸጋገሪያው ከየት ይምጣ ብለን ብዙ ስንደክም ሙሽራዋ ናት ያገኘችው። እስክስታው ደረቷን ወደፊት ሲወረውራት፣ እዚያው ከማቆም ይልቅ ለቀቀችው። ከደረት ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ዳሌ እንደ ማዕበል ወረደ፣ እሷም በዚያው ቀና አለች። ቀና ብላ ስትጨርስ ምቱ ዳሌዋ ላይ ነበር። "እንደገና አሳዪኝ" አልኳት። አሳየችኝ። ይኼ ብቻ የምሽቱን ብርድ ካሰልኝ።

ታኅሣሥ መግቢያ

ምት። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሄዷል፣ መሄዱም ተገቢ ነው።

ቤሊ ዳንስ በብዛት የሚጨፈርበት የዓረብ ምት፣ መቅሱም የሚሉት፣ በአራት ይቆጠራል፦ ዱም ተክ፣ ተክ ዱም፣ ተክ። የኛ ችክችካ ስድስት ትንንሽ ምት ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። የጎጃም ትከሻ የሚኖረው እዚያ ሦስቷ ውስጥ ነው። ጎረምሳው ስልኩ ላይ ሁለቱን ያዳቀለ ሙዚቃ ሠርቶ አመጣ፤ ማሲንቆው ከላይ፣ ከሥር ደርቡካ የሚሉት የዓረብ ከበሮ በአራት። ድምፁ ይጥማል። እስክስታው ግን ሞተ። ትከሻው ካሬ ካሬ ሆኖ ይቆረጣል፣ ሳቡ የለም፣ ማንገላታቱ የለም።

ስለዚህ ተገላበጥን። ምቱ የጎጃም ይሁን፣ የማዶው እንቅስቃሴ ይምጣና ይግባበት። ባለቤትና እንግዳ መለየት አለበት፤ ሁለት ባለቤት ያለበት ውዝዋዜ አላየሁም።

ሙሽራዋ ከምትችላቸው የዳሌ ንቅናቄዎች አንዱ እንዲህ ነው። ቀኝ ግራ ቀኝ ብሎ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ግራ ቀኝ ግራ ብሎ ያርፋል። ሦስት ምት፣ አንድ ዕረፍት። በአራት ላይ ልክ የሚመጣው በዚያች ዕረፍት ነው። "ዕረፍቷን ብናወጣትስ?" አልኩ። አወጣናት። ቀኝ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ፣ ያለ ማቋረጥ። ችክችካው ላይ ቁጭ አለ። ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ ደግሞ መነሻው በየሦስቱ ምት ጎን ይቀይራል፤ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ይጀምራል። ያ መቀያየር ነው ውዝዋዜውን የሚያስኬደው። አያ ዓይናቸውን ከክራቸው ላይ አንስተው አዩ። "ይኼስ የኛ አይደል እንዴ?" አሉ። አይደለም፣ ግን ተዋደደ።

መቼም ዓረቡና አካባቢው ሁሉ በአራት ይቆጥራል ማለቴ አይደለም። ሻዕቢ የሚሉት የሞሮኮ ዘፈን በስድስት ነው፣ ካርሺላማ የሚሉት የቱርክ ጭፈራ በዘጠኝ። ቤሊ ዳንስ ከአራት ውጭ ያለ ቁጥር ለማስተናገድ እንግዳ አይደለም።

መብራት ሄደ ዛሬ፣ ያው እንደ ልማዱ። በስልክ መብራት ጨረስን።

ታኅሣሥ፣ የልብስ ነገር

የሙሽራዋ እናት አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ "ሆድ አይታይም።" መልሱ ላይ ሽማግሌ አለ፣ የንስሐ አባት አሉ። እኔም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ደግሞ ምንም አይጎድልብንም። ከላይና ከታች የተከፈለው፣ ሆድ የሚያሳየው ልብስ ከመድረክና ከፊልም ዘመን የመጣ ነው። የበለዲ ልብስ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ሙሉ ቀሚስ ሆኖ ዳሌ ላይ ሻርፕ የሚታሰርበት ነው። የኛም ሴት ቀሚስና መቀነት ለብሳ ነው እስክስታ የምትወርደው። መቀነቱን ከወገብ ትንሽ ወረድ አድርገን ዳሌ ላይ አሰርነው፤ ሌላ የተደረገ ነገር የለም። ዓይን በቀጥታ እዚያ ይሄዳል።

ችግር የሆነው ጨርቁ ነው። በእጅ የተሸመነ ጥበብ ወፈር ይላል፣ ትንሿን ምት ይውጣታል። መስታወቱ ፊት ዳሌው እየሠራ ቀሚሱ ዝም ይላል። ልብስ ሰፊዋ መፍትሔ አመጡ። የመቀነቱን ጫፍ ከፊት ከማሰር ወደ ጎን አመጡትና ዘርፉን ረዘም አድርገው ለቀቁት። አሁን ዳሌው ስንዝር ሲሄድ ዘርፉ ክንድ ይሄዳል። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር ያያል።

ሙሽራዋ ከቤሩት ያመጣችው ባለ ሳንቲም ሻርፕ ነበራት። ቆንጆ ነው፣ ግን ይንሿሿል። ከደርቡካ ጋር ያምራል፤ ማሲንቆን ግን ይበላዋል። የአያ ድምፅ ጭራሽ አልተሰማ ሲል አወለቅነው። ትንሽ ቅር አላት። የሆዱን ማንከባለልም ተውነው፤ በቀሚስ ሥር ማንም አያየውም፣ ለምን ይደከማል።

ታኅሣሥ መጨረሻ

ዛሬ የገረመኝን ልጻፍ። የሚያጣላው ልዩነቱ የሚመስለው ሰው ካለ ይስማኝ፦ የሚያጣላው መመሳሰሉ ነው። ዳሌና ትከሻ ሩቅ ናቸው፣ በቀላሉ ይስማማሉ። ትከሻና ትከሻ ግን አይስማሙም። ቤሊ ዳንስ የራሱ የትከሻ ንቅናቄ አለው፤ ለስላሳ፣ የማያቋርጥ፣ ፊት ኋላ ፊት ኋላ የሚል። ሙሽራዋ ብዙ ዓመት ስለቆየች የጎጃሙ ትከሻዋ በዚያ ተለስልሶ ነው የመጣው። እስክስታ ደግሞ ጉልበቱ ማቆሙ ላይ ነው። ትከሻው ይመታል፣ ይቆማል፣ አንገት ይቀበላል፣ ትንፋሹ "እስስ" ብሎ በጥርስ መሃል ይወጣል። ሁለቱን ትከሻ ያቀላቀለች እንደሆነ እስክስታ የማያውቅ ሰው እስክስታ የሞከረ ይመስላል። ቤሩትም አያውቀው፣ ጎጃምም አያውቀው።

የማዶው ትከሻ ታገደ። ከቤሊ ዳንስ የምንወስደው ከደረት በታች ያለውን ብቻ ነው። ከላይ ሙሉ በሙሉ የጎጃም። እጅም ወገብ ላይ ይሁን አልኩ፤ የዓረቡን የእጅ ማጠማዘዝ ልጃገረዶቹ ወደውት ነበር። ወገብ የያዘ እጅ ዳሌውን ከግራና ከቀኝ ያጥርለታል፣ ለሚያየው ሰው ይቀለዋል።

ሙሽራዋን ትንፋሹን መልሼ ማስተማር ነበረብኝ። ግድግዳ አስደግፌያት፣ ትከሻ ሳታንቀሳቅስ፣ "እስስ" ብቻ። ሳቀች። ከዚያ መጣላት።

ከገና በኋላ

ከበሮው ገባ። ሁሉም ነገር ፈጠነ። ሦስቱ የዳሌ ምት በዚህ ፍጥነት ሊሰበር ምንም አልቀረው። ማሳነስ ነው ያለው፤ ፍጥነት ሲጨምር እንቅስቃሴው ይጠባል፣ አይተልቅም። ልጆቹ በተቃራኒው ነው የሚሄዱት፣ ሲሞቃቸው ያገዝፉታል።

አሁን ወደ ዱላው ልምጣ። ጎረምሳው ቦታ አልነበረውም። ዳሌ አንቀጥቅጥ ብለው አይሆንለትም፣ እኔም አላልኩትም። አንድ ማታ ልምምድ እስኪጀመር የአያን ዱላ ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን እላዩ ላይ ሰቅሎ ቆሞ ነበር፤ የጎጃም ሰው መንገድ ሲሄድ እንደሚያደርገው። ማሲንቆው ሲጀምር እንደቆመ ትከሻውን መታ። የዱላው ሁለት ጫፍ ከፍና ዝቅ አለ። ትከሻው ጣት የምታህል ሲሄድ ጫፉ ክንድ ያህል ይሄዳል። ሙሽራዋ ፊቱ ቆማ ዳሌዋን በሦስቱ ትመታ ነበር። ዱላው ላይ የሚታየው የትከሻ ምትና ዘርፉ ላይ የሚታየው የዳሌ ምት ባንድ ጊዜ ታየ፣ ሳይደበላለቅ፤ ምክንያቱም ሁለት ሰው ላይ ነው።

ግብጽም ዱላ አላት። ላይኛው ግብጽ፣ ሰዒድ የሚሉት አገር፣ ወንዶቹ ተሕጢብ የሚባል የዱላ ጨዋታ አላቸው፤ ዩኔስኮ በ2016 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። ሴቶቹ ከዚያ የወሰዱት የዱላ ዳንስ አለ፤ እንደ ወንዶቹ ፍልሚያ ሳይሆን እያሾፉ፣ ዱላውን እያሽከረከሩ፣ ዳሌ ላይ እያሳረፉ ነው። ስለዚህ ጎረምሳው መሃል ላይ ዱላውን ለሙሽራዋ ይሰጣታል። እሷ አንድ ጊዜ ታሽከረክረዋለች፣ ዳሌዋ ላይ አጋድማ ሦስቷን ትመታለች፣ ትመልስለታለች። ከሥራው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ አስቀሪ ብትሉኝ ይቺን ነው የማስቀር። ወንድ የጎጃሙን ሳይለቅ፣ ሴት የማዶውን ሳትለቅ የሚገናኙበት ዕቃ ተገኘ።

የመድረክ መሪው ይህን ሲሰማ ወዲያው "በዓባይ የተሳሰሩ ሁለት አገሮች" ብሎ ሊያስተዋውቀን ፈለገ። ግሽ ዓባይ እዚህ፣ ካይሮ እዚያ፣ ወዘተ። እባክህ ተወን አልኩት። ወንዝ አንድ ስለሆነ ወገብና ትከሻ አይገጥምም። ሲገጥም ያየነው በምት ቁጥር ነው።

ሌላ ችግር ነበረን፣ እሱም የሽልማት ነገር ነው። ሠርግ ላይ ሰው ይነሳና አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል። አያ ያኔ ሸላሚውን ማወደስ አለባቸው፣ ዘፈኑ ይረዝማል። እኔ ስምንት ዙር ብዬ የቆጠርኩት አሥራ ሁለት ይሆናል። በቃል የተያዘ ውዝዋዜ እዚያ ላይ ይፈርሳል። ስለዚህ የሳን ፍራንሲስኮዎቹን ዘዴ ወሰድኩ። እነሱ በምልክት ነው የሚጨፍሩት፤ መሪዋ በእጅ ወይም በአንገት ምልክት ትሰጣለች፣ ሌሎቹ ይከተላሉ። የኛ እስክስታም ፊት ለፊት ተያይቶ በዓይን የሚጠራራ ስለሆነ አዲስ አልሆነባቸውም። ሙሽራዋ አንገቷን ወደ ቀኝ ካዞረች ቀና ማለት ነው፤ እጇን ከወገቧ ካነሳች መውረድ ነው። አያ እስከፈለጉ ያወድሱ።

አያ ዛሬ የመጨረሻው ልምምድ ላይ ግጥም ሰጡን፣ እንዲህ እያዩን፦

ትከሻሽ ያገሬ፣ ወገብሽ የማዶ፣
እንዴት ይኖር ይሆን ባንድ ገላ ተዋዶ።

"ሙገሳ ነው ስድብ?" አልኳቸው። "አንቺ ልጄ፣ የገባሽን ውሰጂ" አሉኝ። ከጎጃም አዝማሪ ሌላ መልስ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ጥር፣ ከመልሱ በኋላ

ሆነ። በአጭሩ ልጻፈው።

መጀመሪያ ዳሌው ሲጀምር ድንኳኑ ጭጭ አለ። ሴቶች አካባቢ ሳቅ ነበር፣ የኀፍረት ሳቅ። ከዚያ ማዕበሉ ከደረት ወርዶ ዳሌ ላይ ሲደርስ አንዲት ሴትዮ እልል አሉ፤ እሳቸው ናቸው ያዳኑን። ዱላው ሲገባ ወንዶቹም ተነሡ። ሸላሚ በዛ፣ አያ አስረዘሙት፣ ምልክቱ ሠራ።

ያልሠራውም አለ። ከልጃገረዶቹ አንዷ ሞቋት የታገደውን ትከሻ አመጣችው፣ ወዲያው ታየ። ጎን ያለ ዘርፍ አንድ ጊዜ ዱላው ላይ ተጠመጠመ፤ ጎረምሳው አስመስሎ ፈታው እንጂ። የመድረክ መሪውም ዓባይን ከማንሳት አልቀረም።

የልጅቷ ወንድም ነበር፣ ቅድም ባህል ይከለሳል ያለው። "ትከሻውን አልነካችሁትም" አለኝ። አዎ፣ አልነካነውም። "ወገቡ ግን..." ብሎ ተወው። ያንንም ከነቅሬታው ተቀብያለሁ። ሁሉን ሰው የሚያስማማ ነገር ልሠራ አልተቀጠርኩም።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ ሠርግ ተይዟል፣ ፍኖተ ሰላም። ይቺኛዋ ሙሽራ ቤሊ ዳንስ ጭራሽ አታውቅም፣ እስክስታዋ ግን አጥንት ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ከጉልበቱ እንጀምራለን፤ ቀና ማለት፣ መታጠፍ፣ ከዚያ ሦስቷ። ዘርፉ አጠር ይላል። ዱላም ያስፈልገኛል፤ የአያን ዱላ መልሰናል፣ ለሴት እጅ ደግሞ ይከብዳል። ቀለል ያለ ሽመል የሚሠራ ሰው እያፈላለግኩ ነው።